አራት ስም በአንድ ቀለም፦ የሰሜን ኦሞ ቋንቋዎችና የካርታው ፈተና

የአንድን አገር የቋንቋ ካርታ የሚሠራ ሰው ቀለም መቀባት ከመጀመሩ በፊት ስንት ቀለም እንደሚያስፈልገው መወሰን አለበት። ከውጭ ለሚያየው ይህ ቀላል ሥራ ይመስላል። ከአባያ ሐይቅ ምዕራብ አንስቶ እስከ ኦሞ ወንዝ ማዶ በሚዘልቀው የደቡብ ኢትዮጵያ ምድር ግን ለአራት ስሞች፣ ማለትም ለወላይታ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ስንት ቀለም ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከሰማንያ ዓመታት በላይ መልሱ ሲለዋወጥ ቆይቷል። አንዱ አንድ ነው ብሎ አለፈ፤ ሌላው ሁለት አለ፤ ሌላው አራት አለ። ከመልሶቹ አንዱ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ደግሞ ሰው ሞተ።

ኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር እንደሆነች ሁላችንም እንናገራለን። ቁጥሩ በማን ሚዛን እንደተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሰሜን ኦሞን ጉዳይ የመረጥኩት ሚዛኑ ራሱ የክርክሩ እምብርት ሆኖ ስለወጣበት ነው።

መሬቱ

ወላይታ በዳሞታ ተራራና በሶዶ ከተማ ዙሪያ የተዘረጋ፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት አገር ነው። ከእርሱ ወደ ደቡብ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ፣ የጋሞ ደጋ ይነሳል። ጎፋ ከጋሞ ወደ ምዕራብ ሳውላን ማዕከል አድርጎ ይገኛል። ዳውሮ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ነው። ከአራቱ መካከል ማንም ሊክደው በማይችል የተፈጥሮ መስመር ከሌሎቹ የተለየው ዳውሮ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የኦሞ ሸለቆ ጥልቅ ነው፤ መሻገሩም ለዘመናት አድካሚ ነበር።

በተቀሩት መካከል ያለው ነገር ሌላ ነው። የጋሞ ደጋ ‹ደሬ› በሚባሉ፣ የየራሳቸው ሸንጎ ባሏቸው ማኅበረሰቦች የተከፋፈለ ነው። ከአንዱ ደሬ ወደ ቀጣዩ ሲያልፉ አነጋገሩ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሲያልፉ እንዲሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ያለ ችግር ይግባባል። ከዳር እስከ ዳር የተጓዘ ሰው ግን መጨረሻ ላይ የሚሰማው መጀመሪያ ላይ ከሰማው ጋር አይመሳሰልም። እንዲህ ባለ አገር ‹ይህ ቋንቋ እዚህ ላይ አበቃ› ተብሎ ችካል የሚተከልበት ቦታ የለም። ካርታ ደግሞ ያለ መስመር አይሆንም። ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአካባቢው ቋንቋዎች በጥቅሉ ኦሜቶ ተብለው ይታወቃሉ። ከአራቱ ሌላ ኮሬቴ፣ ዛይሴ፣ በአባያ ሐይቅ በምትገኘው በጊዲቾ ደሴት የሚነገረው ሐሮ፣ ባስኬቶ፣ ኦይዳና ማሌም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጣሊያናዊው ሊቅ ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1938 የሰዋስው መግቢያ ሲያሳትም የሰጠው ርእስ ኦሜቶን እንደ አንድ ቋንቋ የሚቆጥር ነበር። በወረቀት ላይ ለሰፈረው የአንድነት መልስ የማውቀው ቀደምት ምስክር ይህ ነው። ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1969 መላውን ቤተሰብ ከኩሽ ቋንቋዎች አውጥቶ ኦሞቲክ ብሎ ለብቻው እንዲቆም ሐሳብ ካቀረበ በኋላ የሊቃውንቱ ክርክር ወደ ላይ፣ ወደ ቤተሰቡ ግንድ ሄደ፤ የቅርንጫፎቹ ድንበር እምብዛም አላጨቃጨቃቸውም። ሕዝቡን ያጨቃጨቀው ግን የቅርንጫፎቹ ድንበር ነው።

ሚዛኑ

የቋንቋ ዳሰሳ የሚያደርግ ባለሙያ ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው የቃላት ዝርዝር ነው። እንደ ውሃ፣ ቤት፣ ዓይን፣ መሄድ ያሉ አንድ መቶ ወይም ሁለት መቶ የዕለት ተዕለት ቃላት ከየቦታው ይሰበሰባሉ፤ ምን ያህሉ የጋራ እንደሆኑ ይቆጠራል። በዚህ ሚዛን ወላይታ ከጋሞና ከጎፋ ጋር 80 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይመሳሰላል፤ ከኮሬቴ ጋር ሲሆን ግን መመሳሰሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቤትን ወላይታው ‹ኬታ› ይለዋል፤ የጋሞው ቃል ወደ ‹ኬጻ› የቀረበ ነው። ይህ የድምፅ ልውውጥ በብዙ ቃላት ላይ ሥርዓቱን ጠብቆ ስለሚመላለስ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። በቃላት ብዛት ብቻ ለሚፈርድ ሰው እነዚህ ቋንቋዎች በጣም ቅርብ ናቸው፤ ይህንንም አልክድም።

ሁለተኛው መሣሪያ የመግባባት ፈተና ነው፤ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ የሶዶ አካባቢ ሰው በራሱ ላይ የደረሰ አጭር ገጠመኝ ይተርካል፤ ድምፁ ይቀረጻል። አድማጩ ታሪኩን አስቀድሞ እንዳያውቀው ተረት ወይም የታወቀ ነገር አይመረጥም። ከትረካው አሥር ያህል ጥያቄዎች ይወጣሉ። መጀመሪያ ጥያቄዎቹ በተራኪው አካባቢ ሰዎች ላይ ይሞከራሉ፤ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ጥያቄ ጉድለቱ የጥያቄው ነውና ይጣላል። ከዚያ ቀረጻው ለምሳሌ በጋሞ ደጋ ላይ ወዳለችው ጨንቻ ይወሰዳል። አድማጮች አንድ በአንድ ይቀመጣሉ፤ ጥያቄው በራሳቸው አነጋገር ይቀርብላቸዋል፤ በራሳቸው አነጋገርም ይመልሳሉ።

ብልሃቱ ያለው በውጤቱ አነባበብ ላይ ነው። አማካዩ ብቻ ከተነበበ ያሳስታል። የሁሉም አድማጮች ውጤት ተቀራራቢ ከሆነ መግባባቱ የመጣው ከቋንቋዎቹ ዝምድና ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ዘጠኝ ሲመልስ ሌላው አራት ብቻ ከመለሰ ግን ዘጠኝ የመለሰው ሰው ቋንቋውን በገበያ፣ በትዳር ወይም በሥራ ፍለጋ ሄዶ ተምሮታል ማለት ነው። ለሸማኔውና ለነጋዴው የሚገባ ነገር ከቀዬዋ ርቃ ለማታውቅ አሮጊት ላይገባት ይችላል። መግባባት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆኑም ግዴታ አይደለም፤ ትንሹ የትልቁን ሲሰማ ትልቁ የትንሹን ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ‹ይግባባሉ› የሚል አንድ ቃል የያዘ ሪፖርት ማን ከማን ጋር፣ በምን ምክንያት እንደሚግባባ ካልነገረን መስመር ለማስመር አይበቃም።

ፈተናው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። 80 በመቶ ሲሆን ዘዬ፣ 70 ሲሆን ቋንቋ የሚያሰኝ ሕግ ተፈጥሮ አልጻፈችም። ቁጥሩ የቅርበት መለኪያ ነው። ከዚያ ያለፈውን የሚወስነው ሰው ነው።

ሦስት ክፍለ ሀገር፣ አንድ ዞን

በንጉሡ ዘመን አራቱ በአንድ ጥላ ሥር አልነበሩም። ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበር፤ ጋሞና ጎፋ የራሳቸው ጠቅላይ ግዛት ነበራቸው፤ ዳውሮ፣ በዚያ ዘመን አጠራር ኩሎ፣ ከኮንታ ጋር በከፋ ሥር ነበር። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) መንግሥት አገሪቱን እንደገና ሲያዋቅር ሰሜን ኦሞ የሚባል አስተዳደር ተፈጠረ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም በደቡብ ክልል ውስጥ መቀመጫውን አርባ ምንጭ ያደረገ ዞን ሆኖ ቀጠለ። በሦስት የተለያዩ መዲናዎች ሲተዳደሩ የኖሩ ሕዝቦች በአንድ ምክር ቤት ተቀመጡ ማለት ነው።

የጽሕፈት ታሪካቸውም እኩል አልነበረም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን አካቷል። ወላይታ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ አልነበሩም። ወላይታ አዲስ ኪዳንንም እ.ኤ.አ. በ1981 በራሱ ቋንቋ አግኝቷል። በፊደል መጻፍ የለመደ ሕዝብ የቋንቋው መልክ ምን መሆን እንዳለበት የጸና አቋም ይኖረዋል። ኋላ ተቃውሞው በሶዶ እንደዚያ የጋለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ የቋንቋ ዝርዝር የበጀት ዝርዝር ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። አንቀጽ 39 ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ሲተረጉም ከመመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ሊግባቡበት የሚችሉት የጋራ ቋንቋ መኖርን ነው። ሊቃውንት በቀረጻና በጥያቄ የሚለኩት መግባባት የሕገ መንግሥት ቃል ሆነ። አንቀጽ 61 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው ይደነግጋል። ከዚህ በኋላ ‹ቋንቋችሁ አንድ ነው› የሚል ባለሙያ፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ዞንና ስለ በጀት እየተናገረ ነው። አስተያየቱን የሰሙት ሰዎች ይህን በሚገባ ተረድተውታል።

ወጋጎዳ

በ1990ዎቹ መባቻ ገደማ የአካባቢው ባለሥልጣናት መፍትሔ ያሉትን ይዘው መጡ። አራቱ ቋንቋዎች ቅርብ ከሆኑ ለአራቱም አራት ዓይነት መማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ብክነት ነው፤ ስለዚህ ከየቋንቋው ቃል እየተወሰደ አንድ የጋራ የጽሕፈት ቋንቋ ይዘጋጅ ተባለ። ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ወጋጎዳ ሆነ።

ሐሳቡን ብቻውን ካየነው ሞኝነት አልነበረም። በዓለም ላይ ብዙ የጽሕፈት ቋንቋዎች ከተቀራራቢ ዘዬዎች ተውጣጥተው ቆመዋል፤ የመጽሐፍ ኅትመት ወጪም እውነተኛ ችግር ነው። የስሌቱ መነሻ የሆነው የቅርበት ቁጥርም ሐሰት አልነበረም። ጥፋቱ ያ ቁጥር ያልያዘውን ነገር እንደሌለ መቁጠር ነው። ማንም በቤቱ የማይናገረው ቅይጥ አንድ ሕፃን ከእናቱ ከሰማው ጋር አይገጥምም፤ በእናት ቋንቋ መማር የሚለው ዓላማ ራሱ ይፈርሳል። ወላይታዎች በ15ቱ ቋንቋዎች ውስጥ የነበረ ስማቸው በሌላ ስም ውስጥ አንድ አራተኛ ሆኖ ሲገባ እንደ መጥፋት ቆጠሩት። ባለቤቶቹም በቅጡ አልተጠየቁም።

መጻሕፍቱ በወላይታ ትምህርት ቤቶች ሲሠራጩ መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞው ወደ ግጭት ተለወጠ፤ መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተሰማሩ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ይህን የምጽፈው ከብዶኝ ነው። ስለ መማሪያ መጽሐፍ ቃላት በተነሣ ክርክር ልጁን የቀበረ ቤተሰብ አለ።

መንግሥት መጻሕፍቱን አነሣ፤ ወላይታ ወደ ወላይታኛው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ፈርሶ የወላይታ፣ የጋሞ ጎፋና የዳውሮ ዞኖች ተቋቋሙ፤ ባስኬቶና ኮንታ ደግሞ ልዩ ወረዳ ሆኑ። ቋንቋዎችን አንድ ለማድረግ የተደረገው ጥረት አስተዳደሩን በአምስት ከፈለ። እግረ መንገዴን፣ በዚያው ዘመን ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ማንነት አለኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ተለይቷል፤ እዚያ ግን ጥያቄው ለባለቤቱ ቀርቦ በድምፅ ስለተመለሰ መንገዱ ሌላ ሆነ።

ቆጠራው የሚያየውና የማያየው

በካርታ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የሚተማመነው በሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። የ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወላይታኛን በአፍ መፍቻነት የሚናገሩትን 1,231,673 አድርጎ መዝግቧል። ጋሞ 690,069፣ ዳውሮ 313,228፣ ጎፋ 233,340 ሆነው ሦስቱ ሲደመሩ 1,236,637 ይመጣል። ልብ ብሎ ላየው ይህ ድምር ከወላይታው ቁጥር የሚበልጠው በ4,964 ብቻ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀለም የቀባ ካርታ ሁለት እኩዮች ጎን ለጎን የቆሙ ያስመስላል፤ ለየብቻ የቀባቸው ካርታ አንድ ትልቅና ሦስት አነስተኞች ያሳያል። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። በፖለቲካ ውስጥ ግን ሁለቱ ሥዕሎች አንድ አይደሉም።

ሦስቱን በአንድ መቀባት ደግሞ ከአእምሮዬ የፈለቀ ግምት አይደለም። በዓለም ቋንቋዎች መዝገብ ውስጥ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ለረጅም ጊዜ በአንድ መለያ ኮድ ‹ጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ› ተብለው ሰፍረው ነበር፤ ኋላ ኮዱ ተሰርዞ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዩኒኮድ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ደረጃ፣ ስድስተኛ እትም ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ የግእዝ ፊደላትን ሲያስገባ በሰንጠረዡ ላይ የጻፈው ርእስ ዛሬም ሦስቱን በአንድ ስም የሚጠራ ነው። ከወጋጎዳ አሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የፊደሉን ሠንጠረዥ ለሚያዘጋጅ ሰው አንድ መሆናቸው ትክክል ነው፤ የሚጋሩት ድምፅ አለና። ጥያቄው ያ ርእስ ከፊደል ሠንጠረዥ ወጥቶ ወደ ካርታ ሲገባ ነው።

ዶርዜ ሌላው ምሳሌ ነው። ዶርዜ በጨንቻ አካባቢ በጋሞ ደጋ ላይ የሚገኝ፣ በሽመናው አገር ያወቀው ማኅበረሰብ ነው። አነጋገሩም ከጋሞ ጋር እጅግ ቅርብ ነው። የ1987ቱ ቆጠራ ዶርዜን ለብቻው ቆጥሮ ብሔረሰቡን 28,990፣ ተናጋሪዎቹን 20,782 ብሏል። ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ከ8,000 በላይ ሰዎች ‹ዶርዜ ነኝ› ያሉ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ግን ሌላ እንደሆነ የተናገሩ ናቸው። ማን ናቸው? ከፊሉ በሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በሽሮ ሜዳና በሌሎች ሰፈሮች ልጆቻቸውን በአማርኛ ያሳደጉ እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም። ከፊሉ ግን ቋንቋቸውን ጋሞ ብለው ያስመዘገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱ አይለዩም። አንዱ ቋንቋ የመተው ምልክት ነው፤ ሌላው የስም ምርጫ ነው። ካርታ ሠሪው ሁለቱን አንድ አድርጎ ‹ዶርዜ እየጠፋ ነው› ቢል የሌለ ሞት ያውጃል፤ ምንም አልሆነም ቢል ደግሞ ያለውን ይሸሽጋል።

ቆጣሪው ‹የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?› ብሎ ሲጠይቅ የሚቀበለው ስም ነው። ስሙ እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ማንነት እንጂ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሰዋስው ወይም ስለ መግባባት አይደለም። የባለሙያው ቀረጻ ደግሞ ስለ መግባባት ይናገራል፤ ተናጋሪው ማን መባል እንደሚፈልግ አይነግረንም። ከሰሜን ኦሞ የተረዳሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እነዚህ ሁለት ልኬቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አንዱን በሌላው ማረም አይቻልም።

ታዲያ ካርታው እንዴት ይሠራ?

የቀለም ሜዳዎችን ጎን ለጎን የሚለጥፈው የተለመደው ካርታ ለእንዲህ ያለ አገር አይሆንም። አርባ ምንጭ ከተማ ላይ አንድ ቀለም መቀባት በከተማዋ ጋሞኛ፣ ጎፋኛ፣ ወላይታኛና አማርኛ የሚነገርበትን እውነታ መደምሰስ ነው። መረጃው በቀበሌ ደረጃ በነጥብ ቢቀመጥ፣ በአንድ ነጥብም ላይ ከአንድ በላይ ቋንቋ እንዲመዘገብ ቢፈቀድ ይሻላል። በዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ገጾች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ተናጋሪዎቹ ለቋንቋቸው የሚሰጡትን ስም፣ ሳይጠቀለልና ሳይታረም ይይዛል። ሁለተኛው የቃላት ቅርበቱንና የመግባባት ፈተናውን ውጤት፣ በአድማጮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሳይቀር፣ ይይዛል። ለትምህርት ቢሮ የሚያስፈልገው የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ተጠቃሚው ይወስናል። ካርታ ሠሪው ግን ሁለቱን አዋህዶ ‹የቋንቋ ድንበር› የሚል አንድ መስመር ማስመር የለበትም።

ይህ ብዙ ሥራ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በጠባብ ወረቀት ላይ የሚታተም ካርታ ያን ሁሉ አይሸከምም ለሚለኝ፣ ዛሬ ካርታ በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ ገጽ በገጽ ላይ መደረብ አስቸጋሪ አይደለም እላለሁ። የሚከብደው በቀበሌ ደረጃ የተሰበሰበ አዲስ መረጃ ማግኘቱ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። በወላይታኛ፣ በጋሞኛ፣ በጎፋኛና በዳውሮኛ ፊደል የቆጠረው ትውልድ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት እያስገባ ባለበት ጊዜ ካርታዎቻችን አሁንም የአባቶቹን መልስ ይዘዋል።

አስተዳደሩ ግን አልጠበቀም። ጋሞና ጎፋ በ2011 ዓ.ም. ሁለት ዞን ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ዳውሮ ከኮንታ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ገባ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆነው ተካተቱ። ስለዚህ ዛሬ በኦሞ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩና በቋንቋ እጅግ የሚቀራረቡ ሕፃናት መጽሐፍ የሚዘጋጅላቸው በሁለት ክልሎች የትምህርት ቢሮዎች ነው። የዳውሮው መምህር ወንዙን ተሻግሮ የጎፋን ወይም የወላይታን የማንበቢያ ጽሑፍ በትርፍነት ቢጠቀም ተማሪዎቹ ምን ያህሉን እንደሚረዱት በቀረጻና በጥያቄ ሊለካ ይችላል። ይህን መለካት የማንንም ስም አይነካም። ሁለቱ ቢሮዎች ተነጋግረው ቢያስጠኑት፣ የየራሳቸውን መጽሐፍ ሳይተዉ ተጨማሪ የንባብ ጽሑፎችን መዋዋስ ይችላሉ፤ የሚጀመረውም ከኦሞ ዳርና ዳር ካሉት ቀበሌዎች ቢሆን ይመረጣል፤ መልሱ በጣም የሚያስፈልገው እዚያ ነውና።